የቅድመ አያቴን ጠመንጃ ምን ላድርገው?

«ጋሼ፣ ሰላምዎ ይብዛ። የምጽፍልዎ ከደብረ ወርቅ አካባቢ ነው፤ መምህር ነኝ። አባባ፣ የአባቴ አባት፣ ካረፉ ሁለት ዓመት አለፈ። አንድ ጠመንጃ ነበራቸው። የእሳቸው አባት ከጣሊያን የማረኩት ነው ይባላል። እስካሁን ጓዳ ውስጥ በበግ ቆዳ ተጠቅልሎ ቆየ። ዘንድሮ ክረምቱ ሲወጣ እምዬ አወጣችውና ‹እንግዲህ ያንተ ነው› ብላ ሰጠችኝ። ቤተሰቡ ምንሽር ነው የሚለው። አጭር ነው። ከአፈሙዙ ስር የሚታጠፍ ሳንጃ አለው። ካዝናው ከታች ቀዳዳ ነው። በርሜሉ ላይ በፈረንጅ ፊደል ‹ብሬሻ 1936› ይላል፤ ከጎኑ ኤክስ፣ አይ፣ ቪ የሚሉ ፊደሎች አሉ። ዝገት ይዞታል። እምዬ ቅቤ ቀባው ትለኛለች። አጎቴ ደግሞ ጥር ላይ በእህቴ ሰርግ ሁለት ሦስት ጥይት ይተኮስበት ብሎ፣ ጥይት የሚሸጥ ሰው አግኝቷል። አንድ ጎረቤታችንም ቤልጅግ አለኝ፣ ግዛኝ እያለኝ ነው። ምን ይመክሩኛል?»

ወንድሜ፣ ደብዳቤህ ደርሶኛል። አባባን ነፍስ ይማር።

ጥር ሩቅ አይደለምና ከሰርጉ ልጀምር። አይተኮስበትም። አጎትህ ቢቆጣም አይተኮስበትም። ምክንያቱን ወደ በኋላ በደንብ እነግርሃለሁ። መጀመሪያ ግን ጠመንጃህን እንወቀው። ምን እንደሆነ ሳታውቅ ብታጸዳውም ብታስቀምጠውም በደመ ነፍስ ነው።

እናንተ ቤት ምንሽር ቢባልም፣ ስሙ ብቻውን ምን እንደሆነ አይነግረንም። አገራችን ውስጥ የድሮ ጠመንጃ ስም ተደባልቋል። ውጅግራ የምንለው የፈረንሳይ ነው፤ ግራ የሚባለው የ1874 እ.ኤ.አ. ጠመንጃ፣ በእነሱ ቋንቋ ፉዚ ግራ። ስናድር የእንግሊዙ ስናይደር ነው። ቤልጅግ ቤልጅግ አገር የተሠራው ማውዘር ነው። ምንሽር ግን ለብዙ ዓይነት ሲባል ሰምቻለሁ። አንዱ የኦስትሪያውን ማንሊከር ይለዋል፤ ሌላው ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን አሮጌ ሁሉ።

አሁን አንድ ነገር አድርግ። ጠመንጃውን ወደ ባዶ ግድግዳ አዙረህ፣ ጣትህን ከምላጩ አርቀህ፣ የማቀባበያውን እጀታ ያዝ። ማንሊከር ቢሆን እጀታውን ሳታነሳው ቀጥ አድርገህ ወደ ኋላ ስትስበው ይከፈታል። ያንተ ግን መጀመሪያ ወደ ላይ መነሳት ይፈልጋል፣ ከዚያ ነው የሚሳበው። ታየኛለች። የሚታጠፍ ሳንጃ፣ ከታች ቀዳዳ ካዝና፣ ብሬሻ የሚል ጽሑፍ፤ ይሄ የጣሊያን ካርካኖ ነው። ለፈረሰኛ የተሠራው አጭሩ። በርሜሉን ብትለካው ወደ 45 ሳንቲሜትር ታገኛለህ።

ብሬሻ ሰሜን ጣሊያን ያለች የመሣሪያ መሥሪያ ከተማ ናት። 1936 የተሠራበት ዓመት ነው፤ በእኛ 1928 መሆኑ ነው። ከጎኑ ያሉት ፊደሎች የሮማውያን ቁጥር ናቸው፤ አሥራ አራት ማለት ነው። ፋሺስቶቹ ሥልጣን የያዙበትን የ1922 እ.ኤ.አ. ጥቅምትን አንድ ብለው የራሳቸውን ዓመት ይቆጥሩ ነበር። ጠመንጃው በዚያ አቆጣጠር በ14ኛው ዓመት ተሠራ ማለት ነው። ጣሊያን አገራችንን በወረረበት ዓመት።

እስቲ ይሄን ነገር ቆም ብለህ አስበው። ብሬሻ ላይ ተሠርቶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ ጎጃም የደረሰ ጠመንጃ ነው። ጎጃም ውስጥ እነ በላይ ዘለቀ አምስቱን ዓመት ሲዋጉ መሣሪያቸው በአብዛኛው ከጠላት የተማረከ ነበር። ንጉሡም ጥር 12 ቀን 1933 በኦሜድላ ገብተው፣ በጎጃም በኩል አድርገው፣ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ሲደርሱ መንገዱ ላይ የቀረው የጣሊያን መሣሪያ ብዙ ነው። ስለዚህ የቤተሰባችሁ ወሬ ከጠመንጃው ጽሑፍ ጋር ይገጥማል። እኔ ቤት ቢሆን እንዲህ ያለውን ነገር እንደ ዳዊት ነው የማስቀምጠው።

ወደ ጽዳቱ እንሂድ።

ከሁሉ በፊት ባዶ መሆኑን እይ። ማቀባበያውን ክፈት። ወደ ውስጥ ተመልከት። ከዚያ ትንሿን ጣትህን ጥይቱ በሚጎርስበት ቀዳዳ አስገብተህ ዳስ። ዓይን ይሳሳታል፣ በተለይ ጓዳ ውስጥ። ካዝናው ውስጥ ጥይት ካገኘህ አትጎርጉረው። ካርካኖ ስድስት ጥይት በአንድ የብረት ማቀፊያ ነው የሚበላው። ምላጩን ከከበበው ብረት ፊት ለፊት በኩል አንዲት ትንሽ ቁልፍ አለች። ማቀባበያው ተከፍቶ እሷን ስትጫናት ማቀፊያው ከነጥይቱ ወደ ላይ ብቅ ይላል። ከታች ያለው ቀዳዳም ለዚሁ ነው፤ የመጨረሻው ጥይት ሲጎርስ ባዶው ማቀፊያ በዚያ ይወድቃል። ያ ቀዳዳ የተሰበረ መስሏቸው በእንጨት የደፈኑትን አይቻለሁ።

ባዶ መሆኑን ካረጋገጥክ ማቀባበያውን አውጣው። ወደ ኋላ ስበህ፣ ምላጩን እንደተጫንክ ሳብ ስታደርገው ሙሉ በሙሉ ይወጣል። ካልወጣ በመዶሻ አትምታው። ዝገት ይዞት ነው፤ ነጭ ጋዝ አንጠባጥብበትና እስከ ነገ ተወው።

የእምዬ ቅቤ ነገር። እምዬን አክብር፣ ቅቤውን ግን ለዶሮ ወጥ አድርገው። ቅቤ ውስጥ ውኃ አለ። ሲከርም ይኮመጥጣል፤ ያ ኮምጣጣ ብረት ይበላል። አይጥም ይጠራል። ብዙ ሰው የኑግ ዘይት ይቀባል፤ እሱም አይሆንም። ኑግ አየር ሲያገኘው እየደረቀ እንደ ማስቲሽ ይሆናል፣ ማቀባበያው ይጣበቃል። ደብረ ማርቆስም ሞጣም ሱቅ ውስጥ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ታገኛለህ። ቀጭኗ ንጹሕ ዘይት። እሷ ትበቃሃለች።

ጽዳቱ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ የምልህ አለ፤ ውኃ። አዎ፣ ውኃ። ብዙ ሰው ጠመንጃና ውኃ ጠላት ነው ይላል። የዚያን ዘመን ወታደራዊ ጥይት ቂጡ ላይ ያለችው ክብ ካፕሱል ውስጥ ፖታሲየም ክሎሬት የሚባል ነገር ነበር። ሲፈነዳ ወደ ጨውነት ይለወጣል። ከገበታ ጨው ጋር የሚቀራረብ ጨው ነው፤ በርሜሉ ውስጥ ይቀመጣል። ጨው ደግሞ እርጥበት ይጠጣል። ክረምት ላይ እናንተ ዘንድ ጓዳ ውስጥ ያለው ጨው እንዴት እንደሚረጥብ ታውቃለህ። በርሜሉም እንደዚያው ነው። ዘይት ጨውን አያሟሟም፤ ከላይ ይሸፍነዋል እንጂ ስሩ ይበላል። ውኃ ግን ያሟሟዋል። ስለዚህ ማቀባበያውን አውጥተህ፣ አንድ ጀበና ሙሉ የፈላ ውኃ ጥይት በሚጎርስበት በኩል አፍስስ፤ አፈሙዙ ወደ ታች ይሁን። እንጨቱን በጨርቅ ሸፍነው። ከአፈሙዙ የሚወርደው መጀመሪያ ቡና አተላ ይመስላል። ሁለተኛው ጀበና ይጠራል። ውኃው የፈላ ይሁን ያልኩህ በርሜሉ ስለሚግል ወዲያው እንዲደርቅ ነው። ከዚያ ደረቅ ጨርቅ፣ ከዚያ ዘይት የነካው ጨርቅ። በማግስቱ ድገመው። በሦስተኛው ቀን የምታስገባው ጨርቅ ቡኒ ሆኖ ከወጣ ገና ነህ ማለት ነው።

ጨርቁን የምታስገባበት ዘንግ ከኋላ በኩል ይግባ። ከአፈሙዙ በኩል ደጋግመህ ስታስገባው የአፈሙዙን ከንፈር ይገዘግዘዋል፤ የአረሩ አቅጣጫ የሚወሰነው እዚያች ከንፈር ላይ ነው። የብረት ዘንግ ሳይሆን የናስ ወይም ጠንካራ እንጨት ይሁን።

ላዩ ላይ ያለውን ዝገት በአመድ ወይም በብርጭቆ ወረቀት እንዳትፈገፍገው። አደራ። ዘይት ቀብተህ አንድ ቀን አሳድረው፤ ከዚያ በመዳብ ቁራጭ ቀስ እያልክ ፋቀው። መዳብ ከብረት ይለሰልሳል፣ ዝገቱን ያነሳል እንጂ ብረቱን አይጭርም። ብሬሻ 1936 ያለበት ቦታ ላይ በጨርቅ ብቻ። ያ ጽሑፍ ከጠፋ የጠመንጃው ታሪክ ጠፋ። ቀለም አትቀባው፣ ኒኬልም አታስነክረው። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ከአገራችን የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች አሜሪካ ውስጥ ለሰብሳቢዎች ተሸጠዋል። እዚያ ያሉ አዋቂዎች የሚፈልጉት ያልተነካውን ነው። ከነጭረቱ፣ ከነተጠገነ ሰደፉ።

ሰደፉ ላይ የመስቀል ምልክት ወይም በቢላ የተቀረጸ ነገር ካለ እንዳለ ተወው። እንጨቱ ከደረቀ የተልባ ዘይት ይወዳል። በውኃ የተመታ ተልባ አይደለም የምልህ፤ የተጨመቀ ዘይቱን ነው። ሁለት ሦስት ጠብታ በመዳፍህ አሙቀህ ቀባው፣ ትርፉን ጥረገው፣ አንድ ሳምንት አድርቀው። አንድ ከባድ ነገር ልጨምር። የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ተጨብጦ ሲቀመጥ በራሱ ጊዜ ግሎ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ክብሪት አያስፈልገውም። ጨርቁን ዘርግተህ ውጪ አስጣው፣ ወይም ውኃ ውስጥ ንከረው። በሣር ክዳን ቤት ውስጥ ይሄ ቀልድ አይደለም።

የበግ ቆዳው ይቅር። ቆዳ ሲለፋ ጨው ይነካዋል፣ እርጥበትም ይይዛል። ጠመንጃው ዝገት የያዘው በእሱ ይመስለኛል። አፈሙዙንም በጨርቅ አትወትፈው። አየር ይግባው። ምድጃ አጠገብ ሳይሆን ደረቅ ቦታ፣ ልጆች የማይደርሱበት፣ ቢቻል የተቆለፈ ሳጥን። ማቀባበያው ለብቻው ሌላ ቦታ። በበጋ ሁለት ወር ተኩል ቢሆን ችግር የለውም፤ ክረምት ላይ ግን በየወሩ አንዴ ዘይት በነካ ጨርቅ ዳሰው።

አሁን ወደ ተኩሱ።

ዕድሜ ልኬን መሣሪያ ስጠግን ኖሬያለሁ። ልጅ ሆኜ ያየሁት ግን ከሁሉ ይበልጥብኛል። ዘመዳችን ተዝካር ላይ አሮጌ ጠመንጃ ይዞ ወጣ። የመጀመሪያውን ምላጭ ሲስብ ድምፁ እንደ ወትሮው አልነበረም። ጭስ ብቻ፣ «ፍስስ» ያለ ነገር። ሰዉ ሳቀ። እሱ አፈረና ቶሎ ብሎ ሌላ አቀባበለና ተኮሰ። የመጀመሪያው አረር ለካ በርሜሉ መሐል ቀርቷል። ሁለተኛው ከኋላው መጥቶ ገጨው። በርሜሉን በኋላ አየሁት፤ እንቁላል የዋጠ እባብ ይመስል ነበር፤ መሐሉ አብጦ ተሰንጥቋል። ዘመዳችን የግራ እጁን ሁለት ጣት አጣ። ያ ሰው ከዚያ በኋላ ሲያርስ እርፉ ከእጁ እየተንሸራተተበት ይቸገር ነበር።

ጠመንጃው አልነበረም ጥፋቱ። ጥይቱ ነው። ባሩድ ሰማንያ ዓመት ጓዳ ውስጥ፣ ዝናር ውስጥ፣ ዝናብና ጭስ ሲፈራረቅበት ይበላሻል። አንዱ አይፈነዳም። አንዱ ዘግይቶ ይፈነዳል፤ ከሸፈ ብለህ ማቀባበያውን ስትከፍተው ፊትህ ላይ። አንዱ እንደ ዘመዳችን ግማሽ መንገድ ይቀራል። የናሱ ቀለህ ደርቆ ይሰነጠቅና ጋዙ ወደ ኋላ፣ ወደ ዓይን ይመጣል።

ሌላም አለ። አጎትህ ያገኘው ሰው «ለምንሽር የሚሆን ጥይት» ብሎ ነው የሚሸጥለት። ምንሽር ደግሞ እንዳልኩህ የብዙ ዓይነት ጠመንጃ ስም ነው። ካርካኖ የሚበላው 6.5 ሚሊሜትር ነው፤ ቀለሁም 52 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው የራሱ ነው። የቤልጅግ ማውዘር ጥይት 7.92 ነው። ጣሊያኖቹ ራሳቸው በ1938 እ.ኤ.አ. 7.35 የሚባል ለካርካኖ አውጥተው ነበር፤ ሁለቱ በዓይን ይመሳሰላሉ። ገበያ ላይ «ይገባል» ብሎ የሚምልልህ ሰው በምን ለካው?

ከተኮስክም ወዴት ትተኩሳለህ? ወደ ሰማይ የወጣ አረር ይመለሳል። ሰርግ ቤት ደግሞ ዳስ ነው፤ ዳሱ ሥር ሕፃን አለ፣ ሙሽራ አለች። በዚህ ጊዜ ደግሞ ጎጃም ውስጥ አንድ ተኩስ ሲሰማ ማንም ሰርግ ነው ብሎ አያስብም። ይሄን አንተም ታውቀዋለህ፣ አጎትህም ያውቀዋል።

ለአጎትህ ግን ባዶ እጅህን አትሂድ። ሰውዬው የፈለገው የአባቱ ጠመንጃ በቤቱ ደስታ ላይ እንዲታይ ነው። ይሄ ክፉ ነገር አይደለም። ፈቃዱ ከወጣ፣ ወረቀቱ ካለ፣ የአካባቢው ሰውና የጸጥታ ሰዎች ካወቁት፣ እዚያው ግቢ ውስጥ ማቀባበያው የወጣ ጠመንጃ ይዞ ይፎክር። ማቀባበያው እምዬ ሙዳይ ውስጥ ይቀመጥ። ማቀባበያ የሌለው ጠመንጃ አይተኩስም። የአባቱን ስም ጠርቶ ሲፎክር ለሰዉ ከተኩሱ የሚበልጠው እሱ ነው። ፈቃዱ ካልወጣ ወይም ጊዜው ካስፈራ፣ ፎቶውን አሳጥበህ ግድግዳ ላይ ስቀልለት። ዱላ ይዞም ይፎከራል።

ወረቀቱን በተመለከተ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን፣ መሸጥን፣ መግዛትን ይከለክላል። አሮጌ ነው፣ የአያት ነው ማለት አያድንም። አባባ ወረቀት ቢኖራቸው እንኳ የተጻፈው በእሳቸው ስም ነው። ስለዚህ የአባባን ወረቀት እምዬ ጋ ፈልግ፤ ሣጥን ሥር፣ ከግብር ደረሰኝ ጋር ይሆናል። ከዚያ ሽማግሌ ይዘህ ወረዳው ጠይቅ። ጠመንጃውን ግን ይዘህ እንዳትሄድ። መንገድ ላይ መሣሪያ ይዞ መታየት ዛሬ ለሕይወትህ ያሰጋል። ባዶ እጅህን ሄደህ «እንዲህ ያለ ውርስ አለኝ፣ ምን ላድርግ?» በል። የሚሉህን በጽሑፍ ተቀበል። አስረክብ ቢሉህ የሚከብድ ነገር ነው፤ አውቃለሁ። ግን ከመስጠትህ በፊት ጽሑፎቹን ሁሉ ፎቶ አንሳ፣ ደረሰኝም ጠይቅ።

የጎረቤትህን ቤልጅግ አትግዛ። በሕጉም አያዛልቅም፣ በጊዜውም አይመከርም። ለምን አሁን እንደሚሸጠውም አታውቅም። የት እንደነበረ፣ ምን እንደተሠራበት አታውቅም። ነገ አንድ ጥያቄ ቢነሳ ያንተ እጅ ላይ ነው የሚገኘው። ሕጋዊ ፈቃድ ያለው ሰው አሮጌ ጠመንጃ ሊመርጥ ቢመጣ የምነግረው ሌላ ነበር፤ የማቀባበያውና የበርሜሉ ቁጥር አንድ ይሁን፣ በርሜሉን ነጭ ወረቀት ላይ አንጸባርቀህ ጠመዝማዛ መስመሩን እይ፣ ሰደፉ ምላጩ አካባቢ እንዳልተሰነጠቀ ዳስ። አንተ ግን አንድ ጠመንጃ አለህ። ለእሱም ገና ወረቀት የለህም።

አንድ ነገር ቀረኝ። እምዬ እያለች ጠይቃት። ቅድመ አያትህ ጠመንጃውን የት እንዳገኙት፣ ምን ብለው እንደሚጠሩት፣ ለማን ሲሉ እንደሸጎጡት። ስልክህ ላይ ቅዳት። እኔ አባቴን ሳልጠይቅ ቀርቻለሁ።

ደግሞ ሳንጃው ማጠፊያ ላይ አንዲት የዘይት ጠብታ እንዳትረሳ። ዝገት እዚያ ሥር ይደበቃል።